ከአያያዝ ይቀደዳልን?

«ከአነጋገር ይፈረዳል፤ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለውን ምሳሌ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን ይህን ምሳሌ የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአባቴ አፍ ነው። ብርጭቆ በተሰበረ፣ ደብተር በተቀደደ፣ የጫማ ክር በተበጠሰ ቁጥር እኅቴና እኔ ጎን ለጎን እንቆማለን፤ አባታችን ምሳሌውን እስከ ግማሹ ይናገሩና የቀረውን እኛ እንጨርሰዋለን። ዕቃ በራሱ አይበላሽም፤ የሚበላሸው አያያዙን በማያውቅ ሰው እጅ ነው። የቤታችን ሕግ ይህ ነበር። ዛሬ ለአንባብያን የማቀርበው ታሪክ ይኸው ሕግ በገዛ አባቴ ላይ ያለ ጥፋታቸው እንዴት እንደ ፈረደባቸው የሚገልጽ ነው።

አባቴ በደብረ ብርሃን ከተማ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ሲያገለግሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ከቤታችን ዕቃ ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ሬዲዮናቸውን ነበር። የቆዳ ልብስ የለበሰ፣ አራት ድንጋይ የሚጎርስ ሬዲዮ ነው። ድንጋይ የምለው አንባቢ እንደሚያውቀው የባትሪ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ሲደክም የዜና አንባቢው ድምፅ እየሰለለ፣ እየሰለለ ይሄድና ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ይሆናል። በዚህ ጊዜ አባቴ አራቱንም ድንጋይ ያወጡና ከግቢያችን ካብ ላይ በፀሐይ ያሰጧቸዋል። ማታ ሲመለሱ ድንጋዮቹ ለአንድ ዜናና ለሁለት ዘፈን የሚሆን ኃይል አግኝተው ይገኛሉ። ይህ ዘዴ የመንደር ወሬ ብቻ አይደለም። ሙቀት በድንጋዩ ውስጥ ያለውን የኬሚካል ሥራ ለጥቂት ጊዜ ያፋጥነዋልና ነው። ፀሐዩም ካልረዳ እኛ ልጆች በጥርሳችን ነክሰን እናጎደጉደው ነበር። ይህም ካልሆነ አባቴ ከማእዘኑ ሱቅ አራት አዲስ ድንጋይ ያስመጣሉ፤ ሬዲዮውም እንደ ተገዛበት ቀን ጮኾ ይናገራል። ድንጋዩ ይሞታል እንጂ ሬዲዮው አይሞትም። በዚህ ሁኔታ ከ30 ዓመት በላይ አብረው ኖሩ።

በ1997 ዓ. ም. እኔ በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ እኖር ነበር። ለፋሲካ ወደ አገሩ የሚገባ አንድ የማውቀው ሰው ስለ ነበረ፣ በኪስ የሚያዝ አዲስ የሙዚቃ መሣሪያ ገዝቼ በእሱ እጅ ለአባቴ ላክሁላቸው። መጠኑ ከክብሪት ሣጥን እምብዛም አይበልጥም። በውስጡ የካሣ ተሰማንና የአስናቀች ወርቁን ክራር፣ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን፣ ለጾም ወራት የሚሆን የዓለሙ አጋን በገና አስገብቼበታለሁ። ካሴት የለው፣ ድንጋይ የለው፤ ማታ ማታ ገመዱን ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ላይ መሰካት ብቻ ነው። አጠቃቀሙን ታላቅ እኅቴ አስተማረቻቸው። ከሳምንት በኋላ በስልክ ባገኘኋቸው ጊዜ «ልጄ፤ ካሣ ተሰማ ሌሊት ሌሊት እኔ ዘንድ ያድራል» ብለው ሳቁ። እኔም ከላክሁት ገንዘብ ሁሉ ይልቅ ያ ሳቅ አስደሰተኝ።

ነገር ግን 1999 ዓ. ም. ከገባ በኋላ የመሣሪያው ወሬ ከአባቴ አፍ እየጠፋ ሄደ። እኔ ስጠይቃቸው «ደኅና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉና ወሬውን ወደ ዝናቡና ወደ እህል ዋጋ ይመልሱታል። ሰለቻቸው ብዬ ተውሁት።

በመስከረም 2000 ዓ. ም. አዲሱን ሺህ ዓመት ለማክበር ከውጭ አገር ከገቡት ብዙ ኢትዮጵያውያን አንዱ እኔ ነበርሁ። ቤት በገባሁ በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ፦

«አባባ፤ ያ የሙዚቃ መሣሪያ የት አለ? ያመጣሁልዎትን አዲስ ዘፈን ልጨምርበት» አልኋቸው።

አባቴ ዝም አሉ። እኅቴ ዓይኗን ወደ ጀበናው መለሰች። ጥቂት ቆይተው ተነሡና ከአልጋቸው ሥር የወረቀት ሣጥናቸውን ስበው፣ ከቤት ግብር ደረሰኝና ከጡረታ ደብተራቸው መካከል በነጭ መሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ፈትተው በመዳፋቸው ላይ ያዙት። አንድ ጭረት እንኳ የለበትም።

«ልጄ፤ አበላሸሁት» አሉኝ።

«መቼ ነው የተበላሸው?»

«ዓምና ከጥምቀት በኋላ ነው። መጀመሪያ ሌሊቱን ሙሉ ይዘፍን የነበረው ግማሽ ሌሊት ብቻ ሆነ። ቀጥሎ አንድ ሰዓት ሆነ። በመጨረሻ ገመዱን ስነቅለው ዓይኑን ይገልጥና ወዲያው ይጨፍናል። እንደ ድንጋዩ ፀሐይ ቢመታው ይነቃል ብዬ ሳምንት ሙሉ ከመስኮቱ ላይ አሰጣሁት፤ እሱም አልረዳውም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርህ? በስንት ድካም የገዛኸውን ዕቃ ሁለት ዓመት እንኳ መያዝ አቃተኝ ልበልህ? እጄም እንደ እኔ አርጅቷል ማለት ነው።»

አንባቢ ሆይ፤ ዕቃ በመበላሸቱ አላዘንሁም። ያሳዘነኝ ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው፣ ሬዲዮውን ከ30 ዓመት በላይ እንደ ሕፃን ይዞ ያኖረ ሰው፣ ለስምንት ወር ያህል ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ሲያፍር መኖሩ ነው። በራሳቸው ምሳሌ ራሳቸውን ከሰው፣ ራሳቸው ዳኛ ሆነው፣ በራሳቸው ላይ ፈርደው ነበር።

ወዲያው በዋሽንግተን ላለ ወዳጄ ደብዳቤ ልኬ፣ መሣሪያውን ከገዛሁበት መደብር ሄዶ እንዲጠይቅልኝ ለመንሁት። የፋብሪካውን ስም እዚህ መጥራት አያስፈልግም። መልሱ አጭር ነበር፤ የዚህን ዕቃ ባትሪ አንለውጥም፤ ነገር ግን ከዚህ የተሻለ አዲስ ሞዴል ስለ መጣ እሱን ቢገዛ ይሻለዋል የሚል ነው።

በዚያው ሰሞን አባቴን ለዓይን ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ይዣቸው ስለ መጣሁ፣ መሣሪያውን ይዘን መርካቶ ወደ አንድ የሬዲዮና የስልክ ጠጋኝ ዘንድ ገባን። ጠጋኙ ገና ወጣት ነው። መሣሪያውን ወደ መብራቱ አስጠግቶ አገላበጠው። አንድም ብሎን አላገኘበትም። ከዚያ በኋላ እንደ ምላጭ የሳሳ ብረት በጠርዙ አስገብቶ በትዕግሥት ፈልቅቆ ከፈተው። በውስጡ እንደ ማስቲካ ወረቀት ብርማ የሆነች ጠፍጣፋ ባትሪ በሙጫ ተለጥፋ ተኝታለች፤ ሽቦዎቿም በካውያ ተበይደዋል።

«አባባ፤ ይህን ዕቃ እርስዎ አላበላሹትም» አለ ልጁ። «ባትሪው ዕድሜውን ጨርሶ ነው። እንዲከፈት ታስቦ ስላልተሠራ መለወጫ በር የለውም።»

አባቴ መነጽራቸውን አውልቀው ባትሪዋን ብዙ ጊዜ ተመለከቷት። ከዚያም «ታዲያ ማን አበላሸው?» ብለው ጠየቁ።

ልጁ ሳቀ እንጂ አልመለሰላቸውም። እኔም በዚያ ሰዓት መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያ የአባቴ ጥያቄ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለፉት ዓመታት ያነበብሁትንና የተረዳሁትን ከዚህ ቀጥሎ አቀርባለሁ። የውጭ አገር ታሪክ ስለ ሆነ ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

በቅድሚያ ለባትሪው ለራሱ እንፍረድለት። ሊቲየም የሚባለው የባትሪ ዓይነት በ1991 ዓ. ም. በጃፓን አገር ለገበያ የወጣ ነው። ይህን ባትሪ በምርምር ላስገኙት ለጆን ጉዲናፍ፣ ለስታንሊ ዊቲንግሃምና ለአኪራ ዮሺኖ በ2019 ዓ. ም. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ይህም የሚገባ ነው፤ ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ሁሉ የሚሠራው በእነርሱ ድካም ነውና። ባትሪው ሲሞላና ሲወጣ የሊቲየም ቅንጣቶች ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይመላለሳሉ። በተመላለሱ ቁጥር ግን በውስጡ እንደ ዝገት ያለ ስስ ሽፋን ይበቅላል፤ ከቅንጣቶቹም ጥቂቶቹ በሽፋኑ ተይዘው ይቀራሉ። ስለዚህ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ከወጣ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ባትሪው የሚይዘው ኃይል ከመጀመሪያው 80 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል፤ ከዚያም እየባሰበት ይሄዳል። አባቴ በየሌሊቱ ይሰሙበት ስለ ነበር 500 ሌሊት ማለት 1 ዓመት ከ4 ወር ተኩል ያህል ነው። ቁጥሩ ከታሪኩ ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም አንባቢ ራሱ ያስላው።

እንዲያውም አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። የቀድሞውን የባትሪ ድንጋይ ለጊዜው የሚያነቃው የፀሐይ ሙቀት ሊቲየሙን ይጎዳዋል፤ እርጅናውን ያፋጥንበታል። አባቴ በሬዲዮናቸው የተማሩት ጥበብ ለአዲሱ ዕቃ መርዝ ነበረ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ፀሐይ ላይ ያሰጡት ከደከመ በኋላ ስለ ሆነ፣ ፀሐዩ ገደለው ለማለት አይቻልም።

እንግዲህ ባትሪ ማርጀቱ የተፈጥሮ ነገር ነው። ሰውም ያረጃል፤ በሬም ያረጃል። ነገር ግን ባትሪ እንደሚያረጅ እየታወቀ መለወጫ በር መንፈጉ ከተፈጥሮ የመጣ አይደለም፤ ሰው በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ የወሰነው ነው። በ1979 ዓ. ም. ሶኒ ያወጣው የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት ትንንሽ ድንጋይ ይጎርስ ነበር። ድንጋዩ ሲያልቅ ከየትኛውም ሱቅ ይገዛለታል። ዛሬም ቢሆን ከዚያ ዘመን የተረፈ ዎክማን ቢገኝ፣ ጎማው እንደ ሆነ እንጂ ድንጋይ የሚከለክለው የለም። በኦክቶበር 2001 ዓ. ም. የወጣው የአፕል አይፖድ ግን 1,000 ዘፈን በኪስ የሚያስይዝ፣ አንድ ጊዜ ከሞላ 10 ሰዓት የሚዘፍን ድንቅ ዕቃ ሆኖ ሳለ፣ ባለቤቱ ሊከፍተው የሚችል የባትሪ በር አልነበረውም። የአባቴ መሣሪያ የሌላ ፋብሪካ ሥራ ቢሆንም ይህንኑ ፋሽን የተከተለ ነበር።

ይህ ነገር አባቴን ብቻ የገጠማቸው እንዳልሆነ ቆይቼ ተረዳሁ። በ2003 ዓ. ም. ኬሲና ቫን ናይስታት የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች በኒውዮርክ ከተማ በየመንገዱ በተለጠፉት የአይፖድ ማስታወቂያዎች ላይ፣ የማይለወጠው ባትሪ 18 ወር ብቻ እንደሚቆይ የሚገልጽ ጽሑፍ በቀለም እየነፉ ሲዞሩ የሚያሳይ አጭር ፊልም ሠሩ። ፊልሙ በብዙ ሰው ታየ። ኩባንያውም በዚያው ሰሞን ባትሪውን በ99 ዶላር የሚለውጥበት አገልግሎት አወጣ። በኋላም ገዢዎች በካሊፎርኒያ ክስ አቅርበው በ2005 ዓ. ም. ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። ባትሪው ለደከመባቸው የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ባለቤቶች ከተሰጠው ካሣ አንዱ የ50 ዶላር የመግዣ ወረቀት ነበር። አይፖድ ራሱ በ2022 ዓ. ም. መሠራቱ ቀረ።

የዕቃን ዕድሜ ማሳጠር አዲስ ጥበብ አይደለም። በ1924 ዓ. ም. የአውሮፓና የአሜሪካ ታላላቅ የአምፖል ፋብሪካዎች በጄኔቭ ከተማ ፌቡስ የሚባል ማኅበር አቋቁመው፣ እስከዚያ 1,500 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይበራ የነበረው አምፖል ከ1,000 ሰዓት እንዳያልፍ ተስማሙ። አምፖሉ ከተወሰነለት በላይ የቆየበት ፋብሪካ ይቀጣ ነበር። ልብ በሉ፤ ዕቃው ቶሎ ስለ ተቃጠለ ሳይሆን ስለ ቆየ መቀጫ! በ1954 ዓ. ም. ደግሞ ብሩክስ ስቲቨንስ የተባለ አሜሪካዊ የዕቃ ንድፍ አውጪ፣ ገዢው ከሚያስፈልገው ጊዜ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ጥቂት አዲስ የሆነ ዕቃ እንዲመኝ ማድረግ የሙያው ዓላማ መሆኑን በአደባባይ ያስተምር ነበር። እሱ የፈለገው ዕቃው እንዲሰበር ሳይሆን ሰዉ እንዲሰለቸው ነው። አባቴ ግን አልሰለቻቸውም ነበር።

ፋብሪካዎቹ የሚሉትንም መስማት ተገቢ ነው። ባትሪው የራሱ ቤት፣ ምንጭ ብረትና ክዳን ሲኖረው ዕቃው ይወፍራል፤ ሰው ደግሞ ቀጭን ይወዳል። በር የሌለው ዕቃ ውኃና አቧራ አያስገባም። ሊቲየም ባትሪም ስስ ስለ ሆነ ቢወጋ ወይም ቢታጠፍ እሳት ሊያነሣ ይችላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኔም ስገዛው ያማረኝ ቅጥነቱ እንደ ነበረ አልክድም። ነገር ግን ብሎን ማድረግ ዕቃን ስንት ወረቀት ያህል ያወፍረዋል? ባትሪውንስ ለጠጋኞች መሸጥ የሚከለክል የትኛው ኬሚስትሪ ነው? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች የሚመልስልኝ እስካሁን አላገኘሁም።

መንግሥታትም ነገሩን ቀስ በቀስ እያዩት መጥተዋል። ፈረንሳይ በ2015 ዓ. ም. የዕቃን ዕድሜ ሆን ብሎ ማሳጠርን በእስራትና በገንዘብ የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገች። የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 ዓ. ም. ባወጣው የባትሪ ደንብ፣ ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ዓ. ም. ጀምሮ በኅብረቱ አገሮች ገበያ የሚወጣ በእጅ የሚያዝ ዕቃ፣ ከጥቂት ልዩ ዓይነቶች በቀር፣ ባትሪውን ባለቤቱ በተራ መሣሪያ አውጥቶ ሊለውጠው የሚችል እንዲሆን አዘዘ። የዎክማን ድንጋይ በር በሕግ ትእዛዝ ይመለሳል ማለት ነው።

ወደ መርካቶው ጠጋኝ እንመለስ። ልጁ ከአንድ አሮጌ የእጅ ስልክ የወጣ፣ ኃይሉ የሚመጣጠን ባትሪ ፈልጎ በካውያ በየደበት። አዲሱ ባትሪ ከፊተኛው ስለ ወፈረ ክዳኑ አልገጥም አለ። እሱም ከመሳቢያው ሰፋ ያለ ላስቲክ አውጥቶ መሣሪያውን እንደ ገንዘብ ጥቅል አሰረው። የጠየቀን ዋጋ ለሦስታችን ምሳ ከሚበቃው አይበልጥም ነበር። ማዳመጫውን ለአባቴ ሰጣቸው። በመርካቶ ጫጫታ መካከል ቆመው ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምን እንደ ሰሙ አልጠየቅኋቸውም፤ ጣታቸው ግን በጠረጴዛው ላይ ክራር ይመታ ነበር።

ወደ ደብረ ብርሃን ስንመለስ በአውቶቡስ ውስጥ ብዙ መንገድ ዝም ብለው ሄዱ። ሸኖን ካለፍን በኋላ ወደ እኔ ዞረው «እንግዲያውስ ምሳሌው አንድ ነገር ጎድሎታል» አሉኝ። «ከአያያዝ ይቀደዳል፤ ከአሠራርም ይቀደዳል ቢባል ይሻላል።» ስምንት ወር ሙሉ ያጣሁትን ሳቅ በዚያች ሰዓት ሰማሁት።

ይህን ያነበበ ሰው አዲስ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ሦስት ነገር እንዲጠይቅ እመክራለሁ፤ ባትሪው ይለወጣልን? መለወጫው ለብቻው ይሸጣልን? እሱን የሚከፍት ጠጋኝ በከተማችን አለን? የገዛውንም ከፀሐይና ከሙቀት ያርቀው፤ ሳይጠቀምበት ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጠው ከሆነ ባትሪውን ግማሽ ያህል ሞልቶ ያኑረው እንጂ ባዶውን አይተወው። ከሁሉ በላይ ግን፣ ለሽማግሌ አባቱ ወይም ለእናቱ እንዲህ ያለ ስጦታ የሚልክ ልጅ «ይህ ዕቃ ከሁለት ዓመት በኋላ ቢደክም ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» የሚል ቃል አብሮ ይላክ። እኔ ይህን ቃል ሳልልክ ቀርቼ አባቴ ስምንት ወር አፍረው ኖረዋል።

አባቴ በ2006 ዓ. ም. አረፉ። ሬዲዮውና በላስቲክ የታሰረው መሣሪያ ዛሬ በእኔ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የመሣሪያው ሁለተኛ ባትሪም ደክሟል፤ ሦስተኛውን ለማስበየድ ወደ መርካቶ ልወስደው አስቤአለሁ። ሬዲዮው ግን ባለፈው ሳምንት አራት ድንጋይ ገዝቼ ባጎርሰው ወዲያው ተናገረ።